ተመርቄ ቤት ገባሁ፤ ሥራ ባገኝ እንኳ ለምን እንደምሠራ ጠፍቶኛል

የደብረብርሃኗ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። ዛሬ ግን ለሰው ካልተናገርኩት የሚወጣልኝ አልመሰለኝም።

24 ዓመቴ ነው። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቄያለሁ። የፈለግኩት ፋርማሲ ነበር፤ ነጥቤ አልደረሰም፤ የተረፈው ደረሰኝ። ደረሰኝና ተማርኩት። የመውጫ ፈተናውንም አለፍኩ። ቴምፖዬን (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቴን) ይዤ እናቴ ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስልኬን ከፍቼ የቴሌግራም ቻናሎቹን ወደ ላይ እስባለሁ። "0 ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ስፈልግ ይረፍዳል። ሲገኝም ለሁለት ቦታ የሚሰለፈውን ሰው አያለሁ። ስለዚህ ላማርር አልመጣሁም፤ የትውልዳችን ነገር ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በቅርቡ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር። ጠያቂው "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ነው የምታዪው?" አለኝ። መልሱን ሸምድጄ ነው የሄድኩት። አፌ ላይ መጥቶ ቀረ። የምር ሳስበው ምንም አይታየኝም። አምስት ዓመቱ ይቅርና የፊታችን ፋሲካ አይታየኝም።

ልጅ ሆኜ ዓላማዬ ሚኒስትሪ ማለፍ ነበር። ከዚያ ማትሪክ። ከዚያ ነጥብ። ከዚያ መውጫ ፈተና። ሁሌም ከፊቴ አንድ ፈተና ነበር። ከፈተናው ማዶ ምን እንዳለ ጠይቄም ተጠይቄም አላውቅም። አሁን ፈተናው አለቀ።

እናቴ ምንም አትለኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤት ግን ባገኘኝ ቁጥር "አሁንም ቤት ነሽ?" ይለኛል። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መርጬ ነው የምወጣው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የምትኖሩለት ነገር ያላችሁ ሰዎች፣ እንዴት መጣላችሁ? ሥራ ስትይዙ አብሮ መጣ? ትዳር ነው? እምነት ነው? እባካችሁ "በራስሽ ተማመኚ" ብቻ አትበሉኝ።


ኮርኒስ

እህቴ፣ እኔ በግልጽ ነው የምናገረው፤ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ እንጀራ። ኪስ ባዶ ሲሆን ጭንቅላትም አብሮ ባዶ ይመስላል። ገንዘብ መግባት ሲጀምር ከጥያቄዎችሽ ግማሹ ራሱ ይጠፋል።

እኔ አካውንቲንግ ነው የተመረቅኩት። ከሰፈር ልጆች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ "ና ፕሮፋይል አቀብለኝ" ብሎ ሳይት ወሰደኝ። ጂፕሰም ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ቦርድ መደገፍ ማለት ነው። የመጀመሪያው ማታ ማንኪያ ማንሳት አቅቶኝ እናቴ ነች ያጎረሰችኝ።

ግን ይህን ልንገርሽ። ኮርኒስ ሲሠራ ከግድግዳ ግድግዳ ክር ይወጠራል፣ ውሃ ልክ ይያዛል፣ ቦርዱ ይመታል፣ መጋጠሚያው በስታኮ ይደፈናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። ሥራው የሚፈተነው ቀለም ተቀብቶ መብራት ሲበራ ነው። መጋጠሚያው ተዛንፎ ከሆነ ጥላው ያጋልጥሻል። ደህና ከሆነ ምንም አይታይም። አንድ ሳሎን ብቻዬን ጨርሼ መብራቱ ሲበራ ምንም መስመር አልታየም። ባለቤትየዋ ቀና ብለው አይተው "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ዲግሪዬን ስቀበል ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ።

ዓላማ ነው አልልሽም። ጠዋት ግን ያስነሳኛል። አሁን ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ።


ሳይኮሎጂ_3ኛ_ዓመት

ጀፍሪ አርኔት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜ ራሱን የቻለ የሕይወት ምዕራፍ አድርጎ አቅርቦታል። ማንነትን መፈለግ፣ አለመርጋት፣ ልጅም አዋቂም ያለመሆን ስሜት በዚህ ዕድሜ ይበረታል ይላል። እና የሚሰማሽ ነገር የአንቺ ጉድለት አይደለም። የዕድሜው ጠባይ ነው።


ወሎዬው

ወንድሜ ለፍተህ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፤ ግን ይሄ ለእነሱ ነው። እዚያ ልጁ ራሱን ሲፈልግ ቤተሰብ ቆሞ ይጠብቀዋል። እዚህ እሱ ራሱን ሲፈልግ ታናናሾቹ ደብተር ይጠብቃሉ። እኔ 23 ዓመቴ ነው፤ አባቴ ከሞቱ ወዲህ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። "ማን ነኝ?" ብዬ ለመጠየቅ የተረፈኝ ጊዜ ከሱብሒ በፊት ያለው ብቻ ነው።


ሳይኮሎጂ_3ኛ_ዓመት

ወሎዬው፣ ልክ ነህ። ተቺዎቹም ይህንኑ ነው ያሉት። ጥናቱ ያየው ኮሌጅ የገባውን የምዕራቡን ወጣት ነው፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያ አይደለም ብለዋል። ያነሳሁት እህታችን ብቻዋን የሆነች እንዳይመስላት ነው።


ሲስተር_ሐዋሳ

የደብረብርሃኗ፣ የኔ እህት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ስለ ዓላማ ከማውራታችን በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ መመለስ ካልፈለግሽ ለራስሽ መልሺ።

እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሌሊት ነቅተሽ ትቀሪያለሽ? ወይስ ቀኑን ሙሉ ትተኛለሽ? ምግብስ ይበላልሻል? ድሮ ያስደስትሽ የነበረ ነገር አሁንም ትንሽ ደስ ይልሻል ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኗል? "ባልኖርስ" የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል?

ለምን እንደጠየቅኩሽ ልንገርሽ። መንገድ መጥፋትና መታመም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሰው ያሸሻሉ፣ ሁለቱም አልጋ ላይ ያስተኛሉ። ሐዘኑ ወይም ደስታ ማጣቱ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍንና ምግብን ካበላሸ፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ድብርት ይታከማል። ለታመመ ሰው "ዓላማ ፈልግ" ማለት እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው።

ለምታነቡም ሁሉ እላለሁ። ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ አማኑኤል ብቻ አይደለም። በየክልሉ ብዙ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። መነሻው ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። የሞት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይንገርና ይዘውት ይሂዱ። ጸበልም ዱዓም ከሕክምና ጋር አይጣላም። እኔ የማስታምማቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ይዘው ነው የዳኑት።

ደህና ከሆንሽ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ባለፉት ዓመታት ጊዜው ሳይታወቅሽ ያለፈበት ሰዓት ነበር? ትልቅ ነገር አትፈልጊ። ትንሹንም ንገሪኝ።


የደብረብርሃኗ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤው አለቀስኩ፤ የሚያቀል ለቅሶ ነው። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ የጠየቅሽኝ ክፉ ሐሳብም የለብኝም። ቀኑ ብቻ ነው የሚከብደኝ።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ ሁለት ነገር መጣልኝ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው።

አንደኛው፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ገጠር ወጥተን ነበር። ቦረቦር ማሳውን ለሁለት የከፈለው ቦታ ነው። ድንጋይ እየተቀባበልን ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያግድ የድንጋይ ግድብ ሠራን። ክትር ሲሠራ መሐሉ ከዳሩ ዝቅ ይላል፤ ውሃው በመሐል እንዲያልፍ። ደረጃውን እኩል ካደረግሽው ጎርፉ ዳር ዳሩን ሸርሽሮ ክትሩን ጥሎት ይሄዳል። ያን ቀን ምሳ መብላታችንን ረሳን። ከክረምቱ በኋላ ስንመለስ ከክትሩ ጀርባ አፈር ተኝቷል። ጎርፉ ይዞት የሚሄደው የነበረ አፈር ነው። ገበሬው ሣር ዘርተውበታል። "ላሜ በላችው" አሉን እየሳቁ። ከአራት ዓመት ትምህርት ያ ሳቅ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሁለተኛው ደግሞ የሰፈራችን እድር ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። እናቴ "ሂጂና አንብቢላቸው" ብላ ላከችኝ። አሁን የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ እሑድ ገጹን ስገልጥ የአንዲት ጠላ ሻጭ እናት መስመር ለወራት ባዶ ሆኖ አየሁ። በደንቡ መሠረት ከእድሩ ሊሰረዙ ትንሽ ነው የቀራቸው። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም ማለት ነው። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለጎረቤቶች ነገረች። ውዝፉ ተከፈለ፤ ሴትየዋ ማን እንደከፈለላቸው አያውቁም።

የጻፍኩት ስለጠየቅሽኝ ነው እንጂ ይሄ ዝም ብሎ ነው።


ሲስተር_ሐዋሳ

"ዝም ብሎ" ያልሽውን ነገር ቆም ብለሽ እንድታዪው እለምንሻለሁ። አንቺ ባትኖሪ ያ ባዶ መስመር አይታይም ነበር። በሁለቱም ታሪክሽ ውስጥ ሊጠፋ የነበረ ነገር አለ፤ በሁለቱም አንቺ አስቀርተሽዋል። ሊሄድ የተነሣውን የሚያግድ ድንጋይ ማስቀመጥ የሚያስደስትሽ ሰው ትመስይኛለሽ። ይህን ከቃለ መጠይቅ ጠያቂው ጥያቄ በላይ እመኚው።


ኮርኒስ

ሲስተር፣ አከብርሻለሁ፤ ግን ልጅቷን በባዶ አናጽናናት። እድር መጻፍ ደመወዝ የለውም። እንዲህ ያለውን ነገር "ዓላማሽ ነው" ብለን ብንነግራት ነገ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? እሷን የጎዳት ገቢ ማጣት ነው።


ሲስተር_ሐዋሳ

ኮርኒስ፣ ልክ ነህ፤ ኪራይ አይከፍልም። ሥራ መፈለጉን ተዪው አላልኳትም። አንተም ስለ ሳሎኑ ስትነግረን ስለ ክፍያው አንድ ቃል አልጻፍክም። የጻፍከው ስለ መብራቱና ስለ ሴትየዋ ምርቃት ነው።


ኮርኒስ

እሱስ እውነት ነው።


ሪያድ_ያለችው

ሁላችሁም ደህና እደሩ። ማዳም ከተኛች በኋላ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ሰው ሁሉ ለሌላ ኑሪ እያላት ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። እኔ ለሌላ ኖሬ አይቼዋለሁ። በ18 ዓመቴ ወጣሁ። አሁን 31 ነኝ። ታላቁን ወንድሜን አስተማርኩ፤ መምህር ሆነ። ትንሿን ዳርኩ። ለእናቴ ቤት ሠራሁ፤ ቆርቆሮው ጥሩ ነው ይሉኛል፤ አላየሁትም። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን "ለምንድነው የምኖረው?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መልሱ ግልጽ ነበር። ወሩ ሲደርስ ብር ለመላክ።

ባለፈው ወንድሜ ደወለና "እህቴ፣ ከአሁን በኋላ አትላኪ፤ ለራስሽ አስቀምጪ" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። አሁን ማን ነኝ? ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የምወደው ምግብ እንኳ ምን እንደሆነ ብጠየቅ እነሱ የሚወዱትን ነው የማውቀው።

ስለዚህ የደብረብርሃኗ፣ ለሰው ኑሪ፤ መልካም ነው። ግን ከራስሽ የሆነ ነገር አስቀሪ። ክትሩ ደስ ካለሽ ክትሩን ያዢ። እሱ የአንቺ ነው።


ወሎዬው

እህቴ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እኔ ወደዚያ እየሄድኩ ነው። አላህ ድካምሽን ይቁጠርልሽ። ለእኔ ለራሴ የጻፍሽልኝ ያህል ነው። ታናሽ ወንድሜን ዛሬ ማታ ከትምህርት በኋላ ሱቁን እንዲይዝልኝ እነግረዋለሁ። ድሮ መንዙማ እል ነበር፤ እዚያ ከነበሩ ልጆች ጋር ከተገናኘሁ ዓመት አልፎኛል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ ከሜሪላንድ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። አገር ቤት እያለሁ ልክ እንደ የደብረብርሃኗ ነበርኩ። "ከዚህ ብወጣ ብቻ" እል ነበር። ወጣሁ። ጋራዥ ውስጥ መኪና አቆማለሁ፤ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ብር አለ። ለእናቴ ስደውል መኪና ውስጥ ሆኜ ነው፤ ለብቻ የምሆንበት ቦታ እሱ ነው።

ጥያቄው እዚህም ጠበቀኝ። እንዲያውም እዚህ ይብሳል። አገር ቤት ለመጥፋቴ ምክንያት ነበረኝ፤ ሥራ የለም እል ነበር። እዚህ ሥራ አለ፤ ምክንያቱም አለቀብኝ።

መልስ የለኝም። እያነበብኳችሁ ነው። የሪያዷ እህታችን ጽሑፍ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነዳ። ተሳፋሪ ጭኜ ስሄድ እሱን ነበር የማስበው።


የሸገር_እናት

ልጆቼ፣ እኔ እንደ እናንተ በስልክ መጻፍ አልችልበትም፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አንብቦ አሰማኝ። ሁላችሁም ዕድሜያችሁን የምትቆጥሩት ያለፈባችሁ ይመስል ነው። 23፣ 24፣ 27፣ 31። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ፤ የኔ ትውልድ በደንብ ያውቃቸዋል።

አበበች ጎበና። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው አምልጠው አዲስ አበባ የገቡ ናቸው። አድገው ሥራ ያዙ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ደህና ኑሮ ኖሩ። በ1972 ዓ.ም. ለንግሥ ግሸን ማርያም ሄዱ። አርባን አልፈዋል ያን ጊዜ። ወሎ ድርቅ ነው። መንገድ ዳር በረሃብ የወደቀ ሰው አዩ። የሞተች እናቷን የምትጠባ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል እዚያው አከፋፈሉ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ።

ልብ በሉ፤ ሁለት ልጅ ነው ይዘው የመጡት። ድርጅት ላቋቁም ብለው አይደለም የሄዱት፤ ለመሳለም ነው። ልጆቹ እየበዙ ሲመጡ ባላቸውም ዘመድም ተቃወመ፤ አበደች የሚልም ነበር። ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በጭንቅ ኖሩ። እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ አሳደጉ። ከዚያ ነው ያ ትልቁ የሕፃናት ማሳደጊያ የመጣው። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ ስንት ሺህ ልጅ እናቴ ብሎ አለቀሰ።

እኚህን ሴት በ24 ዓመታቸው "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታዪዋለሽ?" ብትሏቸው ምን ይሉ ነበር? ምንም። እናንተ ልጆች ዓላማ ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ይመስላችኋል። ቆይቶም ይመጣል። መንገድ ላይ ነው የሚገኘው፤ ግን ከቤት የወጣ ሰው ነው የሚያገኘው። ልጄ፣ ዳቦውን ሰው ሲበዛ ሂጂና ግዢ። "ቤት ነሽ?" ሲሉሽ "አዎ፣ ቤት ነኝ፤ ሥራ ብትሰሙ ንገሩኝ" በያቸው።


የደብረብርሃኗ

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም አመሰግነዋለሁ። እንዳሉኝ አደርጋለሁ።


የደብረብርሃኗ (ከሳምንታት በኋላ)

ጠፍቼ ነበር። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ዓላማዬን አገኘሁት ልላችሁ አይደለም የመጣሁት። የሆነውን ልንገራችሁ።

የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ቅጥር የለም አሉኝ፤ ጠብቄውም ነበር። "ሥራ ልለምን አይደለም የመጣሁት፤ የተፋሰስ ሥራው ሲጀመር በነፃ ልርዳ" አልኳቸው። የተቀበሉኝ ሰውዬ ቀና ብለው አዩኝና "ምሳሽን ይዘሽ መምጣት ነው" አሉ። ጥር ላይ አርሶ አደሩ ለእርከን ሲወጣ አብሬ ወጣሁ።

ያልጠበቅኩት ነገር፣ ያስፈልጉኛል ብዬ ያላሰብኳቸው ትምህርቶች አስፈለጉኝ። ሁለት ዱላ ይያዛል፣ በመሐላቸው 10 ሜትር ክር ይወጠራል፣ ክሩ መሐል ላይ ትንሽ ውሃ ልክ ይንጠለጠላል። የዱላዎቹ ቁመት እኩል መሆን አለበት፤ ክሩም ከሁለቱም ላይ እኩል ቦታ ይታሰራል። አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ተዳፋቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያለ አረፋው መሐል እስኪገባ ይፈልጋል። እዚያ ችካል ይተከላል። እንደዚያ እንደዚያ እያለ የእርከኑ መስመር ይወጣል። የልማት ሠራተኛዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ የሦስት ሰው ሥራ ነው ብቻዋን የምትሠራው። የመጀመሪያውን ችካል ስተክል አንድ ሽማግሌ "በዚህ በኩል ውርጩ ስለሚበረታ ሣሩ አይያዝም፤ ወዲያ ማዶ ነው" አሉኝ። መጽሐፍ ላይ የለም። ጻፍኩት።

ቀን ሲሆን ፊቴ በፀሐይ ይቃጠላል። ማታ ስገባ እግሬን ሳልታጠብ እንቅልፍ ይወስደኛል። ብር የለውም። የትራንስፖርቱን እናቴ ናት የምትሰጠኝ፤ እሱ ያሳፍረኛል፤ ግን እሷ ከበፊቱ ደስ ብሏት ነው የምትሰጠኝ። ሥራ ማመልከቱንም አልተውኩም።

እድሩንም ልንገራችሁ። መምህሩ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ "እኔ ልረፍ፤ መዝገቡን ይህች ልጅ ትያዘው" አሉ። አንዳንድ ሰዎች አጉረመረሙ፤ ሴት ልጅ፣ ያውም ያላገባች እንዴት ትሆናለች ተባለ። ከዚያ ያቺ ጠላ ሻጭ እናት ተነሡና "እኔ እጄን አውጥቻለሁ" አሉ። ተመረጥኩ። አንድ ሐሳብም አቀረብኩ። ማንም ሰው በውዝፍ ምክንያት ከመሰረዙ በፊት ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤቱ ሄደው ይጠይቁት የሚል። ለቀጣዩ ጉባኤ ተይዟል።


ኮርኒስ

ውሃ ልክ ያዝሽ ማለት ነው! እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ። አንድ ምክር ልስጥሽ። ጠዋት ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ውሃ ልኩን የግራ ጫፉን ወደ ቀኝ አዙረሽ ሞክሪው። አዙረሽው አረፋው ያው ቦታ ካልቆመ ተዛብቷልና ቀይሪው። እኔ ጋ አንድ ትርፍ አለ፤ አድራሻ ከሰጠሽኝ እልክልሻለሁ።


ሲስተር_ሐዋሳ

በጣም ደስ ብሎኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንተን አልረሳንህም። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያን ጥያቄዬን ለአንተም ጠይቄሃለሁ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሲስተር፣ እንቅልፌ ጥሩ አይደለም። ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ፤ እዚህ አማርኛ የሚናገር አማካሪ አገኘሁ። ሐሙስ ነው ቀጠሮዬ። ሄጄ እጽፍላችኋለሁ።


ሪያድ_ያለችው

የደብረብርሃኗ፣ የኔ ቆንጆ፣ ደስ አለኝ። እኔም አንድ ነገር ወስኛለሁ። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ሲያልቅ አላድስም። ወደ አገሬ እገባለሁ። ትምህርቴን ካቆምኩበት መቀጠል እፈልጋለሁ። ሰው ይስቅብኝ ይሆን? በ31 ዓመት 10ኛ ክፍል? የማታ ትምህርት እዚያ አካባቢ አለ? የድሮ ካርዴን ይቀበሉኛል? የማውቀው ሰው የለኝም፤ ወንድሜ ሩቅ ነው የሚያስተምረው። እናቴ ሸዋሮቢት ናት።


የደብረብርሃኗ

እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። የማታ ትምህርት ደብረ ብርሃን አለ። የሚጠይቁትን ማስረጃ ግን በግምት ልነግርሽ አልፈልግም፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ራሴ ሬጅስትራሩን እጠይቃቸዋለሁ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድሽና የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕትሽ እናትሽ ጋ ነው? ከሆነ ፎቶ ኮፒውን ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሚኒባስ ሹፌር ይስጡልኝ፤ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። እናትሽ ማን እንደሚደውልላቸው እንዲያውቁ ቀድመሽ ንገሪያቸው።